ከወጥ ቤቱ ጀርባ የተነቀለው ኢቶካ

በኪኩዩ ቋንቋ ኡሁሩኮ ማለት ዕረፍት ማለት ነው። በሊሙሩ ዳገት ላይ፣ በሻይ ተክሉ መሀል የተሠራውን የአረጋውያን መኖሪያ እንዲህ ብሎ የሰየመው ሰው አንድ ቀን እንኳ ውስጡ ውሎ የማያውቅ መሆን አለበት። ሠላሳ አንድ አሮጊትና ሽማግሌ፣ ዘጠኝ ሠራተኛ፣ አንድ ቴሌቪዥን፤ ከዚህ ምን ዕረፍት ይወጣል?

በቴሌቪዥኑ የሚጣሉት ሁሉ ግን ቀላሎቹ ነበሩ። ዋናው ጦርነት ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነው። እዚያ ባለችው ጓሮ ጉልበቱ ለፈቀደለት ሰው ሁሉ አንዳንድ መደብ ይሰጠዋል፤ ጎመንም ይሁን ሽንኩርት የፈለገውን ይተክልባታል። ሦስተኛዋ መደብ የጋቶኒ ናት፣ አራተኛዋ የካሂጋ። ሁለቱ ጎረቤት ከሆኑ ወዲህ በጓሮው ከጎመኑ ይልቅ የሚፋፋው ጥላቻቸው ነበር።

ጋቶኒ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ጥርሳቸው አልቋል፣ ምላሳቸው አላለቀም። ባላቸው የሞተባቸው ከሠላሳ ዓመት በፊት ሲሆን፣ ገና ማቃቸውን ሳያወልቁ የባላቸው ታናሽ ወንድም በእሳቸውና በእሱ ማሳ መካከል የነበረውን ኢቶካ አጠፋባቸው። ኢቶካ ሥሩ እንደ ትልቅ ሽንኩርት ነው፣ ነጭ ሆኖ መሀሉ ቀላ ያለ አበባ ያወጣል፤ በኪኩዩ አገር ግን ለአበባው ብሎ የሚተክለው የለም። ወሰን ነው። አያት በሰው ፊት ይተክለዋል፣ የልጅ ልጅ ዞሮት ያርሳል፤ እሱን የነቀለ ሰው በእርግማን እንደሚያዝ ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

ከዚያ ቀያሽ መጣ፣ ችካል ተተከለ፣ ካርታ ወጣ። ጋቶኒ የሽማግሌ ጉባኤ አስጠርተው "ኢቶካው እዚህ ጋ ነበር" ብለው በጣታቸው አሳዩ። ጉባኤው እዚያ ያየው ድንች ብቻ ነው። የባላቸው ወንድም "ምስኪን፣ ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቷታል፤ እዚህ ኢቶካ የሚባል ኖሮ አያውቅም" አለ። ሽማግሌዎቹም አንገታቸውን ነቀነቁ። ወንድ ልጅ የላቸው፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው ርቀው ተድረዋል፣ ማን ይናገርላቸው? ማሳው ጠበበ፣ ጎጆዋ ቀረች፣ በመጨረሻ ጎጆዋም ሄደች።

መሬቱ መሄዱ አንድ ነገር ነው። ጋቶኒን ያንገበገባቸው በአገሩ ሁሉ ፊት እብድና ውሸታም መባላቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የፈለጉት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ "አዎ፣ ኢቶካው እዚያ ነበር" የሚል አንድ ሰው። አላገኙም። ፍለጋውን ግን አልተዉም፤ አዲስ ሰው ወደ ቤቱ በመጣ ቁጥር ታሪካቸውን ከሀ እስከ ፐ ይነግሩት ነበር።

ካሂጋ የመጣው ባለፈው ዓመት ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የቀያሾች ሰንሰለት ጎታች ነበር፤ መሬት ሲለካ ሰንሰለቱን ይዞ ፊት ፊት የሚሄድ ሰው ማለት ነው። ገና ሳምንት ሳይሞላው፣ የጋቶኒም ታሪክ ሳይደርሰው፣ አንድ ጥቅል ሲባጎና አራት ችካል ይዞ ወደ ጓሮው ወጣና መደቦቹን አንድ በአንድ ለካ።

"አንቺ ሴትዮ" አለ፣ "መደብሽ በስንዝር ይበልጣል።"

"በማን ስንዝር? በአንተ? ያንተማ እጅ የውሻ መዳፍ ነው የሚያክለው።"

"ሲባጎ አይዋሽም።"

"ሲባጎውማ ምን አደረገ? የያዘው ቀጣፊ ነው እንጂ። ቀያሽና ጅብ አንድ ናችሁ፣ የሞተ ሰው ቤት ነው የምታሸቱት።"

ካሂጋ ሳቀ። "ለመሆኑ ከየት ሸንተረር ነሽ?"

"ከኪያንዳሪ" አሉ ጋቶኒ ወገባቸውን ይዘው። "ምነው? እሱንም ልትለካው ነው?"

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ሲባጎውን ጠቀለለና ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋቶኒ ባሉበት ገበታ ቀርቦ አያውቅም። እሳቸው "ፈርቶኝ ነው" ብለው ለሰው ሁሉ አወሩ። ካሂጋም ከምሳ በኋላ የእቃ እጣቢ በባልዲ እየለመነ ይወጣና ጎመናቸው ላይ ይደፋ ጀመር። ሲጠየቅ "እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ምን ላድርግ?" ይላል። ጋቶኒ በበኩላቸው ቀንድ አውጣ ሁሉ እየለቀሙ ወደ እሱ ሽንኩርት ይወረውራሉ። እሱን ጉካ፣ ማለትም አያቴ፣ ብለው አንቱ የሚሉት ሠራተኞቹ ብቻ ነበሩ፤ ጋቶኒን ደግሞ ሾሾ፣ ሴት አያቴ፣ ይሏቸዋል።

የጋቶኒ ታላቋ ልጅ ልትጠይቃቸው ስትመጣ "ከወንዝ ዳር አንድ ኢቶካ ቆፍረሽ አምጪልኝ" አሏት። አመጣችላቸው። በሦስተኛዋና በአራተኛዋ መደብ መካከል ተከሉት። ካሂጋ አየው፤ እንደ ልማዱ ይሳደባል ሲሉ ዞሮ ሄደ። አራት ወር ሆነው፣ አበባ ያዘ፤ እጣቢው ግን መደፋቱን አላቆመም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋቶኒ ወጥተው ቢያዩ ኢቶካው የለም። የቀረው ጉድጓዱ ብቻ ነው፣ አፈሩ ገና እርጥብ።

ሰው ሁሉ በመመገቢያው አዳራሽ አጥሚቱን ይጠጣል። ጋቶኒ ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ገቡና ካሂጋ ፊት ቆሙ።

"የት አደረስከው?"

"ምኑን?"

"ምኑን ይለኛል እንዴ! ኢቶካዬን ነዋ!"

"እኔ ምን ቤት ነኝ? ፍየል በልታው ይሆናል።"

"ፍየል በአካፋ ትቆፍራለች? ሰዎች ስሙኝ!" ድምፃቸው እስከ መኝታ ክፍሎቹ ተሰማ። "ይህን ኢቶካ የነቀለ ሰው የሚቀጥለውን ዝናብ አይይ! የበላው አይስማማው! ልጁ አይደግለት!"

የቤቱ ኃላፊ ሜትሮን አፒዮ ከቢሮዋ እየሮጠች መጣች። አፒዮ የሐይቁ አገር ሰው ናት፤ የእነዚህ የዳገት ሰዎች ጠብ ከሥሩ ገብቷት አያውቅም።

"ሾሾ ጋቶኒ! እግዚአብሔርን አይፈሩም? ለአንድ ቅጠል ብለው ሰው ይረግማሉ?"

"ቅጠል ትላለች እንዴ" አለ ጉካ ጋቻው ከተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ። በዚያ ቤት ያላየው ጠብ የለም፣ የገላገለውም የለም። "ልጄ፣ አንቺ ዓሣሽን ብዪ። ይሄ የኛ ነው።"

"ልጅ የለኝም" አለ ካሂጋ ወደ ጋቶኒ ቀና ብሎ። "ሌላ እርግማን ፈልጊ።" ነገሩ ቀልድ መሰለ፤ አጥሚቱን ግን ግማሹን ትቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ጭካኔ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ካሂጋ የተቀመጠበት ገበታ ላይ ማንም አይቀመጥም። ጋቻው ወንበሩን እየገፋ ከአጠገቡ ይርቃል። ከእሱ መደብ የተቆረጠ ሽንኩርት በንፍሮው ውስጥ ገብቷል ተብሎ ሠላሳ ሰው ሳህኑን ገፋ፤ ወጥ ሠሪው ድስቱን ሙሉ ለግቢው ፍየል ሰጠ። ፍየሏም እምቢ አለች ተብሎ ተወራ። ይህ እንኳ ውሸት ነው፣ ያች ፍየል የማትበላው ነገር የለም።

በአምስተኛው ቀን ካሂጋ አሳለው። በሰባተኛው ከአልጋው መነሳት አቃተው። ሐኪም መጥቶ የሳንባ ምች ነው አለ፣ መርፌ አዘዘ። ማን ይመነው? በሊሙሩ ሃምሳ ሰው ሲያስል ብርድ ነው ይባላል፣ ካሂጋ ሲያስል ኢቶካው ነው። ጋቶኒ ደስ አላቸው፤ ደስታቸውንም አልደበቁም። በክፍሉ በር ባለፉ ቁጥር ሳሉን ቆመው ያዳምጡና ምርኩዛቸውን ጠበቅ አድርገው ይሄዳሉ።

ሙምቢ ከእረፍት የተመለሰችው በዘጠነኛው ቀን ነው። ሙምቢ የሦስት ልጆች እናት የሆነች አስታማሚ ናት፤ ናይሮቢ ተወልዳ ናይሮቢ ያደገች፣ ከመንደር የምታውቀው የአያቷን ቀብር ብቻ። ጋቶኒ በዚያ ቤት የማይነክሷት ብቸኛ ሰው እሷ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ሳፋውን አቅርባ እግራቸውን እያጠበች ነበር።

"ምን ሆናችሁ ነው ሾሾ? ቤቱ የልቅሶ ቤት መሰለ እኮ።"

"የሚያስለቅስስ የለም። ያ ሌባ ሥራው ይዞት ተኝቷል።"

"ጉካ ካሂጋ? ምን ሰረቀ?"

"ኢቶካዬን ነቅሎ ጣለው።"

"ኢቶካ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ከመደቤ ዳር የነበረው። ሥሩ ሽንኩርት የሚመስለው።"

ሙምቢ ሳቀች። "ውይ ሾሾ! ያቺን አበባ? እኔ ነኝ እኮ የወሰድኳት። አርብ ዕለት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሊጎበኙን ይመጣሉ ሲባል የሜትሮን ቢሮ ኦና ሆነብኝ። ቆርጬ ብወስዳት ትጠወልጋለች ብዬ ከነሥሯ ነቅዬ በዘይት ጣሳ ተከልኳት። አሁንም መስኮቷ ላይ አለች፣ አላዩአትም?"

ጋቶኒ ቢሮው ገብተው አያውቁም። አፒዮም ያን ሁሉ ቀን በዚያ አበባ አጠገብ ተቀምጣ ስለ ኢቶካ ስትሰማ፣ ኢቶካ የሚሉት እሱ መሆኑን አላወቀችም።

"ልጆችሽ ደኅና ናቸው?" አሉ ጋቶኒ።

"ደኅና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትንሹን ብቻ ትኩሳት ቢጤ ይዞት..."

ጋቶኒ እግራቸውን ከሳፋው ውስጥ አወጡ። ውሃው ወለሉ ላይ ተረጨ። ልጁ አይደግለት ብለው ነበር፤ በሠላሳ ሰው ፊት፣ ከሆዳቸው፣ ቃል ሳያጎድሉ። እርግማኑ የካሂጋን በር አንኳኩቶ አልፎ የዚህችን ሴት ቤት ሊገባ ነው። በሕይወታቸው እንዲህ ፈርተው አያውቁም።

እርግማንን የሚያነሳው የረገመው ሰው ነው፣ የሚነሳውም በተረገመበት ቦታ፣ በዚያው ሰው ሁሉ ፊት ነው። ያ ማለት ደግሞ "ካሂጋ አልነካውም፣ ተሳስቻለሁ" ማለት ነው። ያ ከመሆኑ በፊት ለካሂጋ ለራሱ መንገር አለባቸው። ጋቶኒ እግራቸውን ሳያደርቁ ጫማቸውን አጠለቁ። አፒዮ ከቢሮዋ ስትወጣ ጠብቀው ጣሳውን ከመስኮቱ አነሱና በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ካሂጋ ክፍል ሄዱ። በየእርምጃው እሱንም ራሳቸውንም ሰደቡ።

ካሂጋ በሁለት ትራስ ተደግፎ ነበር። ሲያያቸው ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ።

"ልትጨርሺኝ መጣሽ?"

"ዝም በል፣ የምነግርህ አለኝ።"

"እኔ ልናገር፤ ትንፋሽ ሳለኝ።" ሳሉ ያዘው፣ ጠበቁት። "የጓሮውን አልነካሁም። ብትፈልጊ መጽሐፍ ቅዱስ አምጪ። ያኛውን ግን ነቅያለሁ።"

"የቱን ያኛውን?"

"የኪያንዳሪውን። ያንቺን።"

ጋቶኒ ቁጭ አሉ። ወንበር ስላልነበረ የተቀመጡት በጠላታቸው አልጋ ጫፍ ላይ ነው።

"ቀያሹ ከመምጣቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ችካል እንዳዘጋጅ ላከኝ" አለ ካሂጋ ጣሪያውን እያየ። "የባልሽ ወንድም ፍየል አረደልኝ። በላን፣ ጠጣን። ከዚያ አካፋ ሰጠኝ። 'አንተ የሸንተረራችን ሰው አይደለህም፤ አንተን አይይዝህም' አለኝ። ነቀልኩት። ጉድጓዱን ሞላሁና ድንች ተከልኩበት።"

"ድንች" አሉ ጋቶኒ።

"ድንች። ከየት ሸንተረር እንደሆንሽ የነገርሽኝ ቀን ነው ያወቅኩሽ። አንድ ልጅ ነበረኝ። ኢቶካውን በነቀልኩ በዓመቱ መኪና ገጨብኝ። ልጅ የለኝም ስልሽ አልሰማሽኝም?"

ጋቶኒ ሊያዝኑለት ይችሉ ነበር፤ ሞከሩም፣ አልመጣላቸውም። የመጣላቸው የሠላሳ ዓመት ቁጣ ነው፣ ከእሱም ጋር አንድ የሚያሳፍር ደስታ። ኢቶካው እዚያ ነበር! አእምሯቸው ደኅና ነበር!

"ልጅህን እኔ አልገደልኩትም" አሉ በመጨረሻ። "ያን ጊዜ አንተ መኖርህን እንኳ አላወቅኩም ነበር።"

"እንግዲያው ያሁኑን አንሺልኝ። በሰላም ልሙት።"

"ነገ ምሳ ላይ በሰው ፊት ትናገራለህ። ከፍየሉ እስከ ድንቹ።"

"ሴትዮ፣ የባልሽ ወንድም ሞቷል። መሬቱ ላይ ፎቅ ቆሞበታል አሉ። ምን ይፈይድልሻል?"

"የሚፈይድልኝን አንተ አትነግረኝም! ትናገራለህ ወይስ ልሂድ?"

"እናገራለሁ።"

ጣሳው ከነጠላቸው ሥር ሆዳቸውን እየወጋ ነበር። አሁን ቢያወጡት፣ "ካሂጋ፣ ያሁኑን አንተ አልነካህም" ቢሉት፣ ሰውዬው ሌሊቱን ተንፍሶ ያድር ነበር። ጋቶኒ ነጠላቸውን ይበልጥ አጣፉና ወጡ። ጽድቅ አልነበረም። ጽድቅም አላማራቸውም።

በማግስቱ ካሂጋን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በተሽከርካሪ ወንበር አመጡት። ተናገረ። ሳሉ እያቋረጠው፣ ፍየሉን፣ አካፋውን፣ ድንቹን። "ኢቶካው እዚያ ነበር" አለ። "ይህች ሴት አልዋሸችም። የዋሸነው እኛ ነን።"

ጋቶኒ "ድገመው" አሉ።

"ሾሾ፣ ሰውዬው ታምመዋል!" አለች ሜትሮን አፒዮ።

"ይድገመው! ጋቻው ጆሮው ከባድ ነው።"

"እኔ ሰምቻለሁ" አለ ጋቻው።

"ይድገመው።"

ካሂጋ በጥላቻ እያያቸው ደገመው። ጋቶኒ ተነሱ፣ በሁለት መዳፋቸው ላይ እንትፍ እንትፍ አሉና እጃቸውን ዘረጉ። "ያሰርኩትን ፈታሁ። የጓሮውን ኢቶካ የነቀለ እጅ ይባረክ። የበላው ይስማማው፣ ልጆቹ ይደጉለት። ዝናቡን ይየው።" ከዚያ ከገበታው ሥር ጣሳውን አውጥተው በንፍሮ ሳህኖቹ መሀል አስቀመጡት። "የጓሮውን ደግሞ ካሂጋ አልነካውም።"

"ይቺማ የኔ አበባ ናት!" አለች አፒዮ።

"ውይ፣ እኔ እኮ ነኝ!" አለች ሙምቢ ከበሩ ላይ፣ አፏን በእጇ ይዛ።

ካሂጋ ጣሳውን አየ፣ ጋቶኒን አየ። "መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ትናንት። አልጋህ ላይ ስቀመጥ ነጠላዬ ውስጥ ነበረ።"

"አንቺ ጠንቋይ! አንቺ የሰይጣን ቁራጭ!" ኩባያውን ወረወረባቸው። ሳታቸው፣ ሻዩ ግን ቀሚሳቸውን አራሰው። ጋቶኒ ሳይጠርጉት ተቀምጠው ንፍሯቸውን በድዳቸው እያላመጡ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ በሉ። "ኢቶካው እዚያ ነበር" የሚለውን ቃል ከወዳጅ አፍ ቢሰሙት እንዲህ አያጠግባቸውም ነበር።

ካሂጋ አልሞተም። ሐኪሙ መርፌው ነው አለ፣ ጋቻው ንዴቱ ነው አለ። በሁለተኛው ሳምንት በእግሩ ሲቆም ጋቶኒ መልእክት ላኩበት፦ የነቀለው ይትከል። ሰዎቹ እምቢ ይላል ብለው ተወራረዱ፤ እሱ ግን ሲባጎውን ይዞ ወጣ። ኢቶካ ያለ ምስክር አይተከልምና ቤቱ ሁሉ ከነምርኩዙ፣ ከነወንበሩ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ተሰለፈ። አፒዮ እንኳ መጣች።

ካሂጋ ሲባጎውን ወጠረ። እንደ ሲባጎው ከሆነ ወሰኑ አንድ ስንዝር ወደ ጋቶኒ መደብ ይገባል። ችካሉን እንደያዘ ቀና አለ።

"የት ልትከለው?"

"የት እንደነበረ አንተ ታውቃለህ" አሉ ጋቶኒ።

ካሂጋ ከሲባጎው ወደ ጉድጓዱ ተመለከተ። ከዚያ ሲባጎውን ጥሎ ተንበረከከና በዱሮው ጉድጓድ ውስጥ ሥሩን አስቀመጠ፣ አፈሩን በሁለት እጁ መለሰበት።

"የሞትሽ ዕለት እነቅለዋለሁ" አለ ሳይነሳ።

"ካንተ በፊት አልሞትም።"

"ሁላችንም አይተናል!" ብሎ ጮኸ ጋቻው፣ እንደ ወጉ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ጋቶኒ ወደ መደባቸው ሲወጡ ካሂጋ ባዶ ባልዲውን አንጠልጥሎ ሲገባ በሩ ላይ ተገጣጠሙ። ሰላም አልተባባሉም። እጣቢው በገዛ ሽንኩርቱ ላይ ተደፍቶ እስከ ኢቶካው ሥር ደርሷል። ጋቶኒ ምርኩዛቸውን ጣል አድርገው ጎንበስ አሉና ከኢቶካው ወዲህ፣ በራሳቸው መደብ በኩል ያለውን አፈር በጣታቸው ነኩት። ደረቅ ነበር።